ጤነኛ ሰው የድባቴ መድኃኒት ቢውጥ አንጎሉ ውስጥ ምን ይፈጠራል? የአንድ የጅማ ክር መልሶች ከ1 እስከ 24

ጥያቄውን የጣለው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሚማር ልጅ ነው። የመጨረሻ ፈተና ሲቃረብ ዶርም ውስጥ ፍሉኦክሰቲን የተባለው የድባቴ መድኃኒት ስትሪፕ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀምሯል፤ ባለ 20 ሚሊግራሙ ካፕሱል ነው። የሚውጡት ልጆች ሐኪም ያላዘዘላቸው፣ ድባቴም ጭንቀትም የሌለባቸው ናቸው። ክርክራቸው ላይ ላዩን ሲሰሙት ያሳምናል፦ ድባቴ ማለት ሴሮቶኒን የተባለው የነርቭ ሕዋሳት መልእክት አድራሽ ኬሚካል ማነስ ነው፤ አንጎል እንደ እንስራ ነው፤ መድኃኒቱ የጎደለውን እንስራ ሞልቶ ሰውን ወደ ጤናው ከመለሰ፣ ያልጎደለውን ሲሞላ ደግሞ ከጤነኛም በላይ ደስተኛና ትኩረቱ የተሰበሰበ ያደርጋል። ልጁ ሁለት ነገር ጠየቀ። ያልታመመ አንጎል ውስጥ መድኃኒቱ በትክክል ምን ይሠራል? ጉዳትስ አለው?

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተደረደረው የመልስ ሰንሰለት፣ ረጅም ነው። ከመሀል ገብቶ የሚያነብ ሰው ግማሽ መልስ ይዞ ይሄዳል፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ ግማሽ መልስ ሰው ይጎዳል። ስለዚህ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው ላውራቸው።

1ኛው መልስ ትሁት ነው፤ ልጁ ከመዋጡ በፊት በመጠየቁ አመስግኖት ይጀምራል። አንድ የነርቭ ሕዋስ ሴሮቶኒን ወደ ሲናፕስ፣ ማለትም ሁለት ሕዋሳት ወደሚገናኙበት ክፍተት፣ ከለቀቀ በኋላ የተረፈውን ሰብስቦ ወደ ሕዋሱ የሚመልስ ማጓጓዣ ፕሮቲን አለ። ፍሉኦክሰቲን፣ ሰርትራሊን፣ ሲታሎፕራምና ዘመዶቻቸው የሚይዙት ይህን ማጓጓዣ ነው። ለመያዝ ሳምንት አይፈጅባቸውም፤ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራሉ። ቶሮንቶ ውስጥ ፔት ስካን በሚባለው የአንጎል ምስል ማንሻ ተለክቶ በ2004 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በትንሹ የሕክምና መጠን፣ ማለትም በቀን ፍሉኦክሰቲን 20፣ ሰርትራሊን 50 ወይም ሲታሎፕራም 20 ሚሊግራም ሲወሰድ፣ ከማጓጓዣዎቹ 80 በመቶ ያህሉ ይያዛሉ። መጠኑን እጥፍ ማድረግ ከዚያ በላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ማጓጓዣው ባለቤቱ ይታመም አይታመም አያውቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ አጭር መልስ ግልጽ ነው፦ የጤነኛውም አንጎል ይነካል። ይህን መነሻ ከታች ማንም አላፈረሰውም።

2ኛው መልስ የእንስራውን ሐሳብ ይዞ ይሞግታል። የሴሮቶኒን ማነስ የሚለው ነገር ከሕመምተኞች አንጎል ተለክቶ ሳይሆን ከመድኃኒቱ ወደ ኋላ ተገምቶ የመጣ ነው ይላል። በ1952 ኒውዮርክ ስታተን አይላንድ ላይ በሚገኘው ሲቪው ሆስፒታል የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች አይፕሮኒያዚድ ይሰጣቸው ነበር፤ ዛሬም የቲቢ ክሊኒኮቻችን ለሚያድሉት አይሶኒያዚድ የቅርብ ዘመድ ነው። ሕመምተኞቹ ሳንባቸው ሳይድን መንፈሳቸው ተነቃቃ። በኋላ ሲመረመር መድኃኒቱ ሴሮቶኒንንና ሌሎቹን መልእክተኞች፣ ኖርአድሬናሊንንና ዶፓሚንን፣ የሚያፈርሰውን ማኦ የተባለ ኢንዛይም እንደሚገታ ተገኘ። ከዚያ ተነስቶ፣ መድኃኒቱ እነዚህን የሚያበዛ ከሆነ በሽታው የእነሱ ማነስ መሆን አለበት ተባለ። በ2022 በጆዋና ሞንክሪፍ የተመራው ሰፊ የጥናቶች ግምገማ ድባቴ ከሴሮቶኒን ማነስ እንደሚመጣ ወጥ ማስረጃ እንዳላገኘ ጽፏል። እስከዚህ ድረስ የሰውየው ነገር ልክ ነው። ከዚያ ግን ተንሸራቶ፣ እንግዲህ መድኃኒቶቹ ባዶ ናቸው ወደሚል መደምደሚያ ሄደ።

3ኛው መልስ እዚያው ላይ ያዘው። የበሽታው መነሻ ምንድን ነው የሚለውና መድኃኒቱ ይረዳል ወይ የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ግምገማው የመረመረው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። መነሻውም ቢሆን ተዘግቶ አላለቀም፤ በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ በፔት ስካን የተሠራ ትንሽ ጥናት የድባቴ ሕመምተኞች አንጎል በአምፌታሚን ሲነቃቃ የሚለቀው ሴሮቶኒን ከጤነኞች ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። አጭር መልስ ናት፤ ግን ባትኖር ክሩ ገና ከጅምሩ ጠማማ መንገድ ይይዝ ነበር።

4ኛው መልስ የክሩ እምብርት ነው። የጻፉት ሴት ፋርማኮሎጂ የሚያስተምሩ ይመስላሉ፤ ከእሳቸው በኋላ የጻፉትም ሁሉ መምህርት እያሉ ነው የሚጠሯቸው። ጥያቄውን በጊዜ ከፋፍለው ነው የመለሱት።

በመጀመሪያው ቀን ምን ይሆናል? ሴሮቶኒን የሚያመነጩት ሕዋሳት አካላቸው ያለው አንጎል ግንድ ውስጥ፣ ራፌ በሚባለው ስፍራ ነው። ክሮቻቸው ግን እስከ አንጎል ቅርፊት ይዘረጋሉ። መድኃኒቱ ማጓጓዣውን ሲይዝ ሴሮቶኒን በመጀመሪያ የሚከማቸው በራፌ ዙሪያ ነው። እነዚያ ሕዋሳት የራሳቸውን ምርት የሚቆጣጠሩበት 5ኤችቲ1ኤ የሚባል ተቀባይ በላያቸው ላይ አለ። ተቀባዩ ክምችቱን ሲያይ ሕዋሱ የሚልከውን ምልክት ይቀንሳል። ስለዚህ ከላይ ቅርፊቱ ላይ የሚደርሰው ጭማሪ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የታፈነ ነው። አንጎል ሚዛኑን ይጠብቃል፤ ጤነኛ አንጎል ደግሞ ይህን በደንብ ያውቅበታል።

በየቀኑ ሲወሰድ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ እነዚህ ተቆጣጣሪ ተቀባዮች ይደነዝዛሉ። ሕዋሱ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ማጓጓዣው ግን አሁንም እንደተያዘ ነው። ቅርፊቱ ላይ ያለው ሴሮቶኒን ጉልህ ሆኖ የሚጨምረው ያኔ ነው። ከዚያም ተቀባይ ሕዋሳት በተራቸው ራሳቸውን ያስተካክላሉ፤ በእንስሳት ላይ እንደታየው የነርቭ ሕዋሳትን የሚያሳድጉ ፕሮቲኖች ይጨምራሉ። ሕመምተኛ መድኃኒቱ አልሠራልኝም ብሎ በሁለተኛው ሳምንት እንዳይተው የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። ለፈተና ዋዜማ የምትዋጥ አንድ ካፕሱል ደግሞ ለትኩረት የምትፈይደው ነገር እንደሌለ ከዚሁ ይታወቃል።

መምህርቷ እዚህ ላይ አላቆሙም። ከአንጎል በፊት መድኃኒቱን የሚቀምሰው ሌላው አካል ነው አሉ። ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ በላይ የሚሆነው አንጀት ውስጥ ነው፤ ከደም ወደ አንጎልም አያልፍም። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽና ተቅማጥ የሚቀድመው። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌቶች ደግሞ ሴሮቶኒን ማምረት አይችሉም፤ በዚያው ማጓጓዣ ከደም ይሰበስባሉ። ማጓጓዣው ሲያዝ በሳምንታት ውስጥ ክምችታቸው ይራቆታል፤ የመርጋት አቅማቸውም ይቀንሳል። ጨጓራው ለቆሰለና ለራስ ምታት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ለሚያዘወትር ተማሪ ይህ የመድማት አደጋ ነው። ጤነኛ መሆን ከዚህ አያድንም።

5ኛው መልስ በጤነኛ ሰዎች ላይ የተሠሩ ሙከራዎችን ደርድሯል፤ ጠቃሚዎቹን ልጥቀስ። የሴሮቶኒን ጥሬ ዕቃ የሆነው ትሪፕቶፋን ከምግብ እንዲጎድል ተደርጎ የአንጎል ሴሮቶኒን ሲቀንስ፣ የድባቴ ታሪክ የሌላቸው ሰዎች ስሜት አይለወጥም። በመድኃኒት የዳኑ ሕመምተኞች ላይ ግን ምልክቱ በሰዓታት ውስጥ ሊመለስ ይችላል። የሴሮቶኒን መጠንና የደስታ መጠን አንድ መስመር ላይ እንዳልሆኑ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። በ1998 በታተመ ሙከራ ጤነኛ ፈቃደኞች ለ4 ሳምንት በቀን ፓሮክሰቲን 20 ሚሊግራም ወስደው ቁጣቸው ቀነሰ፣ በጋራ ሥራ ላይ ተባባሪነታቸው ጨመረ፤ ደስታቸው ግን አልጨመረም። ኦክስፎርድ ላይ የካትሪን ሃርመር ቡድን ለ7 ቀን ሲታሎፕራም የወሰዱ ጤነኞች በሰው ፊት ላይ ያለን ፍርሃትና ቁጣ የመለየት ዝንባሌያቸው እንደቀነሰ አሳየ፤ ስሜታችሁ እንዴት ነው ሲባሉ ግን ፕላሴቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት አስመሳይ ክኒን፣ ከተሰጠው ቡድን የተለየ ነገር አልተናገሩም። ላይፕዚግ ላይ ደግሞ በ2014 የታተመው፣ 22 ጤነኛ ሰዎች አንድ ጊዜ ኤስሲታሎፕራም 20 ሚሊግራም ብቻ ወስደው፣ የአንጎል ክፍሎቻቸው እርስ በርስ የሚገናኙበት መንገድ በሰዓታት ውስጥ ሲለወጥ በኤምአርአይ ታየ። ለውጡ እውነት ነው፤ ለባለቤቱ ግን አይሰማውም።

በ6ኛው ላይ ጠያቂው ልጅ ተመለሰ። የፍርሃት ዝንባሌን የሚቀንስ ከሆነ ለፈተና ፍርሃት ጥሩ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ልጁ ከልቡ ነው የጠየቀው፤ ከ5ኛው መልስ የሚሻውን ብቻ መርጦ ማውጣቱ ግን አንዱን አናደደ።

7ኛው መልስ ስለዚህ ቁጡ ነው። የ7 ቀኑን ውጤት ያየህ ሰው የአንዱን ቀን ውጤትስ ለምን ዘለልከው ይለዋል። በዚያው በኦክስፎርድ ሲታሎፕራም አንድ ጊዜ ብቻ ሲሰጥ ፍርሃትን የመለየት ዝንባሌ ጨምሯል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀት ከዚህ ጋር ይሄዳል። ቀጥሎ በ2023 የታተመውን የካምብሪጅና የኮፐንሃገን ጥናት አመጣ፦ 66 ጤነኛ ፈቃደኞች፣ ግማሹ ኤስሲታሎፕራም 20 ሚሊግራም ቢያንስ ለ21 ቀን፣ ግማሹ ፕላሴቦ። ትኩረትና ማስታወስ አልተሻሻለም። የቀነሰው ከትክክልና ከስህተት የሚገኝ ግብረ መልስን ተከትሎ የመማር ንቃት ነው። ፈተና የሚያጠና ሰው ሊያጣው የማይገባው አንዱ ነገር እሱ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ የፍሉኦክሰቲን መጠን በደም ውስጥ ተረጋግቶ እስኪቆም ከ4 እስከ 5 ሳምንት ይፈጃል። ፈተናው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው የጀመረ ልጅ የሚያገኘው ማቅለሽለሽ፣ የእጅ መንቀጥቀጥና የእንቅልፍ ማጣት ነው፤ መድኃኒቱ ሙሉ ኃይሉ ላይ የሚደርሰው ልጁ ለዕረፍት ቤተሰቡ ጋ ከሄደ በኋላ ነው። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፤ ስሌቱ ግን አንድም ስህተት የለበትም።

8ኛው መልስ ጤነኛ የሚለውን ሰው አስፍቶ አሳየ፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ ያልተጠበቀው ይህ ነበር። ድባቴ ሳይኖርባቸው የድባቴ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ዶርም ውስጥ ብቻ አይደሉም፤ በየቤቱ አሉ። አሚትሪፕቲሊን ለማይግሬን፣ ለወገብና ለነርቭ ሕመም፣ ስኳር ላለበት እግሩን ለሚያቃጥለው ሰው ይታዘዛል። ለሕመም ሲሆን ማታ ማታ ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም ይጀመራል፤ ለድባቴ ወደ 75፣ 100 እና 150 ይደርሳል። በትንሹ መጠን ጎልቶ የሚታየው የሂስታሚን ተቀባይ መዘጋት ነው፤ እንቅልፉም የሚመጣው ከዚያ ነው። ሌላው የአሴቲልኮሊን ተቀባይ መዘጋት ሲሆን አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሽንት ያስቸግራል፤ በዕድሜ የገፉ አባቶች ፕሮስቴት ካለባቸው ሽንታቸው እስከ መቋረጥ ይደርሳል። ሌሊት ከአልጋ ድንገት ሲነሱም የደም ግፊት ወርዶ ይጥላል።

ከዚያ ጸሐፊው አንዲት ስሌት አስቀመጠ፤ እያንዳንዱ ወላጅ ሊይዛት ይገባል። ሕፃን በአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ5 ሚሊግራም በላይ አሚትሪፕቲሊን ከዋጠ ሆስፒታል መግባት አለበት። 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ይህ ማለት ባለ 25 ሚሊግራሙ 2 ፍሬ ነው። ክኒኑ ትንሽና ከላዩ ጣፋጭ ሽፋን ያለው ሊሆን ይችላል። በብዛት ሲወሰድ የልብን የሶዲየም መተላለፊያ ይዘጋል፤ የልብን የኤሌክትሪክ ምት በሚመዘግበው ኢሲጂ ላይ ኪውአርኤስ የሚባለው ሞገድ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሲሰፋ የሚጥል መንቀጥቀጥ ይፈራል፤ ማርከሻው በደም ሥር የሚሰጥ ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው። ቤት ውስጥ ማስታወክ፣ ወተት ማጠጣት ጊዜ ማባከን ነው። ሳይውሉ ሳያድሩ ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል።

9ኛው መልስ ነገሩን ወደ ጅማ መሬት አወረደው። ካፕሱሉን የዋጠ ልጅ ከቀኑ 9 ሰዓት በርጫ ላይ ይቀመጣል፤ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይከተላል። ጫትም ፍሉኦክሰቲንም ሴሮቶኒን ስለሚያበዙ አንድ ላይ ይመርዛሉ ሲል አስጠነቀቀ። 10ኛው መልስ በአክብሮት አረመው። ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካቲኖን፣ በዋናነት የሚያስለቅቀው ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ነው፤ በሴሮቶኒን ላይ ያለው ኃይል ከእነሱ ያነሰ ነው። በመጀመሪያ የሚፈራው የልብ ምትና የደም ግፊት መጨመር፣ የጭንቀትና የእንቅልፍ ማጣት መደራረብ ነው። ሁለቱም ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል ይቀንሳሉ፤ ጫት ሲቆም የሚመጣው ዱካክ የዚያ ክፍል በኃይል መመለስ ነው ተብሎ ይገመታል። ጫቱንም ካፕሱሉንም በአንድ ሳምንት የተወ ልጅ ሌሊቱ ቢከብደው ምክንያቱን ከዚህ ይፈልገው። ሌላም ጨመረ፦ ጫት ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለውን ኢንዛይም እንደሚገታ በጤነኛ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል።

ይህ ኢንዛይም በ11ኛው ላይ ክሩን በሙሉ ያዘው። በ1996 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ኢንዛይም ዘረመል ከመደበኛው በላይ ተባዝቶባቸው ተገኝቷል። ሰሜን አውሮፓ ውስጥ ይህ ቁጥር ጥቂት መቶኛ ነው። እነዚህ ሰዎች አሚትሪፕቲሊንን፣ ፍሉኦክሰቲንንና የሕመም ማስታገሻውን ኮዴይንን የሚያፈርሱበት ፍጥነት ከሌላው ይለያል። 11ኛው ጸሐፊ ከዚህ ተነስቶ፣ እንግዲያው ለእኛ ሰው የተለመደው መጠን አይበቃውም አለ።

12ኛው መልስ የመምህርቷ ነው፤ ቀደም ሲል የነበራቸው ለዛ ቀንሷል። ይህን አንብቦ መጠኑን በራሱ እጥፍ የሚያደርግ ሰው እንዳይኖር ብለው አጥብቀው ተናገሩ። ከ100 ሰው 29ኙ እነማን እንደሆኑ በመልክ አይታወቅም። ፍሉኦክሰቲን ራሱ ያንኑ ኢንዛይም በብርቱ ይገታል፤ በፍጥነት የሚያፈርሰውን ሰው በሳምንታት ውስጥ ወደ ዝግተኛ ይቀይረዋል። የተለመደው መጠን ካልሠራ የሚጨምረው ሐኪሙ ነው፤ ሳምንታት ጠብቆ፣ ምልክቱን አይቶ።

ከ13 እስከ 16 ያሉት ወደ ቡና ሄዱ፤ ጅማ ላይ ይህ የሚጠበቅ ነው። አንዱ ሦስቱን ዙር ጠጥቶ መድኃኒት መውሰድ ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ካፌይንን የሚያፈርሰው ሌላ ኢንዛይም ስለሆነ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ብዙ አይነኩትም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የሚጠጣ ቡና እንቅልፍ ማጣቱንና የእጅ መንቀጥቀጡን ያባብሳል ተባለ። የቀረው ስለ ታጠበና ስላልታጠበ ቡና፣ ስለ ዘንድሮ ዋጋ ነበር፤ አልፌዋለሁ።

17ኛው መልስ ሁሉንም ጸጥ አሰኘ። ድንገተኛ ክፍል የሚሠራ ሰው እንደጻፈው ከዝርዝሩ ያስታውቃል። ተማሪዎች ፍሉኦክሰቲንን ከትራማዶል ጋር እየቀላቀሉ ነው ይላል፤ ክሩ ደግሞ እስካሁን ስለ ትራማዶል አንድ ቃል አልተነፈሰም ብሎ ሁላችንንም ወቀሰ። ወቀሳው ይገባናል። ትራማዶል ሕመም ማስታገሻ ብቻ አይደለም፤ ራሱ የሴሮቶኒንና የኖርአድሬናሊንን ማጓጓዣ ይይዛል። ወደ ጠንካራው ማስታገሻ የሚቀየረው በዚያው በሲዋይፒ2ዲ6 ነው። ፍሉኦክሰቲን ኢንዛይሙን ሲገታ ልጁ የሚፈልገው ስሜት አይመጣለትም፤ ስለዚህ ይደግማል፣ ይሠልሳል። ያልተቀየረው ትራማዶል ደም ውስጥ ይከማቻል። ውጤቱ የሚጥል መንቀጥቀጥና የሴሮቶኒን መመረዝ ነው።

መመረዙ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታያል። መቁነጥነጥ፣ ላብ፣ የብሌን መስፋት፣ ተቅማጥ፣ ከዚያም ትኩሳት። ጸሐፊው የሚለይበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ አስቀምጧል፦ ታማሚውን በጀርባው አስተኛ፤ ጉልበቱን በአንድ እጅ ደግፈህ በጥቂቱ እጠፍ፤ በሌላው እጅ የእግሩን ፊት ይዘህ ወደ ቅልጥሙ አቅጣጫ ድንገት ግፋና እንደገፋህ ያዝ። ቁርጭምጭሚቱ በራሱ ምት እየደጋገመ እጅህን መልሶ ከመታ ምልክቱ ያ ነው። የወባ ትኩሳት እንዲህ አያደርግም። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሆስፒታል ነው፦ ሁለቱንም መድኃኒት ማቆም፣ ዳያዜፓም፣ ማቀዝቀዝ፣ ፈሳሽ፣ ካለም የሴሮቶኒን ተቀባይን የሚዘጋው ሳይፕሮሄፕታዲን 12 ሚሊግራም በአፍ፣ ከዚያ በየ2 ሰዓቱ 2 ሚሊግራም። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን አያወርደውም፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከጡንቻው ነው።

18ኛው መልስ ከዚህ ተነስቶ ሐኪም ያዘዘላቸውንም አስጠነቀቀ። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኔዞሊድ ማኦን ይገታል፤ ከፍሉኦክሰቲን ጋር ከተገናኘ ያንኑ መመረዝ ያመጣል። የወባው ኮአርተም ደግሞ ሲዋይፒ2ዲ6ን ስለሚገታ አሚትሪፕቲሊን ደም ውስጥ እንዲበዛ ያደርጋል፤ የልብን የኤሌክትሪክ ምትም በጥቂቱ ስለሚያዘገይ ሲታሎፕራም ለሚወስድ ሰው ጥንቃቄ ያሻዋል። ግልገል ጊቤ አካባቢ ለሚኖር ሰው ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። የወባ መድኃኒቱን መተው አይደለም መፍትሔው፤ የምትወስደውን ሁሉ ለሚያዝልህ ሰው መንገር ነው። 19ኛው አጭር ናት፦ ሰውነት ለመጨመር የሚዋጠው ሳይፕሮሄፕታዲን የሴሮቶኒን ተቀባይን ይዘጋል፤ ድባቴውን በፍሉኦክሰቲን እየታከመ በጎን እሱን የሚውጥ ሰው ሕመሙ ቢያገረሽበት አይደንግጥ፣ ለሐኪሙ ይንገር።

20ኛው ላይ ክሩ ተጋጋለ። አንድ ሰው የአእምሮ መድኃኒት ሁሉ ሱስ ነው፣ እንደ ትራማዶል ነው፣ ጸበልና ዱዓ እያለ ክኒን ምን ያደርጋል አለ። ሁለት ሦስት ሰዎች በኃይለ ቃል መለሱለት፤ አንደኛው ከመስመር ወጥቶ እምነቱን ነካ፣ ጽሑፉም ተነሣ። 21ኛው መልስ ግን ረጋ ብሎ ነገሩን ፈታው። ሱስ ማለት መጓጓት፣ መጠን እየጨመሩ መሄድ፣ ለማግኘት ሌላውን መተው ነው፤ ፍሉኦክሰቲን ይህን አያመጣም። ሳምንታት ተወስዶ በድንገት ሲቆም ግን የመቋረጥ ምልክት አለ፦ መፍዘዝ፣ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት፣ ንጭንጭ፣ ቅዠት። ፓሮክሰቲን ከደም ቶሎ ስለሚወጣ ይብስበታል፤ ፍሉኦክሰቲን ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ይቀልለታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 መመሪያው የመከረው ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠልና ሲቆም ቢያንስ በ4 ሳምንት ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። ጸበልም ዱዓም ከክኒኑ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ የሃይማኖት አባቶችም ሕክምናችሁን አትተዉ ቢሉ ብዙ ሰው ያተርፋሉ ብሎ ጨረሰ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውንም አስታወሰ።

እዚህ ላይ የራሴን አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ክር የተከፈተው ስላልታመሙ ሰዎች ነው። ድባቴ ይዞት ሐኪም ያዘዘለት ሰው ከላይ ያለውን የጉዳት ዝርዝር አንብቦ ነገ ጠዋት ክኒኑን ቢያቆም በክሩ የተጻፈው ሁሉ ጉዳት ሆነ ማለት ነው። ለታመመው ሰው ሚዛኑ ሌላ ነው፤ በአንድ በኩል ማቅለሽለሽ፣ በሌላው በኩል ሕይወቱ አለ። ጤነኛው ልጅ ግን በሚዛኑ ሌላኛው በኩል የሚያስቀምጠው ምንም የለውም።

22ኛው መልስ ጤነኛ ነኝ የሚለውን አባባል ጠየቀ። ስሜት ከድባቴ ወደ ከልክ ያለፈ መነቃቃት (ማኒያ) የሚዋዥቅበት የባይፖላር ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ፣ በዩኒቨርሲቲ ዕድሜ ነው። ገና ያልተገለጠበት ልጅ ፍሉኦክሰቲን ሲውጥ ማኒያ ሊቀሰቀስበት ይችላል፤ 3 ሰዓት ተኝቶ አይደክመውም፣ ንግግሩ ይፈጥናል፣ ገንዘቡን ይበትናል፣ ጓደኞቹ መድኃኒቱ ሠራለት ይላሉ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከ2004 ጀምሮ ለልጆች፣ ከ2007 ጀምሮ እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች፣ በሕክምናው መጀመሪያ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊጨምር እንደሚችል በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ አድርጓል። መቀመጥ የማያስችል ውስጣዊ መቅበጥበጥ ከመጣ፣ ያ ሰው ብቻውን አይተውም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ያየዋል።

23ኛው የት ይኬድ ለሚለው ነው። ጅማ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ የፈተና ፍርሃት ብቻ የሆነበት ልጅም የሚያናግረው ሰው ያገኛል። ከአጂፕ እስከ ፈረንጅ አራዳ ያሉ ፋርማሲዎች ያለ ማዘዣ መሸጣቸው ይቁም የሚል ሐሳብም ተነሣ፤ አንድ ፋርማሲስት ተቆጥቶ ሁሉንም በአንድ አትጠቅልሉ አለ፤ እሱም እውነቱን ነው፣ ብዙዎቹ ማዘዣ ሳያዩ አይሰጡም።

በ24ኛው ላይ ጠያቂው ልጅ የመጨረሻ ጥያቄውን አመጣ። የዶርም ጓደኛው ለ5 ቀን በቀን አንድ ካፕሱል ውጦ አቁሟል፤ ምን ያድርግ? መምህርቷ ናቸው የመለሱለት፤ በዚህኛው ድምፃቸው እንደ እናት ነበር። 5 ቀን ብቻ ስለሆነ ቀስ በቀስ መቀነስ አያስፈልገውም፤ እዚያው ያቁም። ፍሉኦክሰቲን በአጭር ጊዜ አወሳሰድ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጉበት የሚቀይረው ኖርፍሉኦክሰቲን ግን በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 16 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ 5 ሳምንት ይቁጠር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ትራማዶል እንዳይነካ፣ ዴክስትሮሜቶርፋን ያለበት የሳል ሽሮፕም ሲገዛ ለፋርማሲው ይንገር፤ ታሞ ሆስፒታል ቢገባ መጀመሪያ የሚናገረው ይህንን ይሁን። የቀሩትን ካፕሱሎች ለሌላ ልጅ አይስጥ፣ ለመጠባበቂያም አያስቀምጥ፤ ወደ ፋርማሲ ይመልሳቸው። ከመመለሱ በፊት ግን የስትሪፑን ጀርባ፣ ስሙና መጠኑ በሚነበብበት በኩል፣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይያዝ።